የደረሰኝ አምስተኛው ብቻ ነው

ዛሬ ዓርብ ነው። ደብዳቤው ሐሙስ ይላል። ሐሙስ ማለት ትናንት ነው፣ ወይስ የሚመጣው ሐሙስ? ሌሊት ለሚሠራ ሰው ቀኖች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ እኔ ትናንት የምለው ለሌላው ሰው ዛሬ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከካሮት ማሸጊያው መጋዘን ወጣሁ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ኢሜይሌን ላይ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ እንግሊዝ ውስጥ፣ ቦይ ላይ የምኖርበትን ጀልባ ጣሪያ አያለሁ። መጋረጃውን ዘግቻለሁ፤ ብርሃኑ ግን ከውሃው ላይ ነጥሮ በመስኮቱ ጠርዝ ይገባና ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። ዳክዬዎች የጀልባውን ጎን ይቆረቁራሉ፤ ብረቱ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ነገር እየበሉ ነው፤ ተኝቶ ለሚሰማ ሰው ግን በር የሚያንኳኳ እንግዳ ይመስላል። ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ማንም የለም። አንዲት ሴት ውሻዋን እያናፈሰች በቦዩ ዳር ስታልፍ ደህና አደርክ አለችኝ፣ እኔ ደህና እደሪ አልኳት።

ደብዳቤውን ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «ልጄ ዜኖን፤ ዝም ማለትህን እሺ እንዳልከኝ ቆጥሬዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። በነገርኩህ ቦታ ጠብቀኝ። ብዙ ዕቃ አልያዝኩም። አባትህ።» ይኸው ነው። በነገርኩህ ቦታ። የነገረኝ ቦታ የለም። እሺ ያልኩት ነገርም የለም። አባቴ ሂሮኒም ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከኤልብሎንግ በስተደቡብ፣ ጀልባ በሐዲድ ላይ ተጭኖ ኮረብታ በሚወጣበት ቦይ መዘውር ሲያዞር የኖረ ሰው ነው፤ ከፖላንድ ወጥቶ አያውቅም፤ ኮምፒውተር ነክቶም አያውቅም፤ የሚጽፍለት የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወይዘሮ ክሌሜንቲና ናት፤ እሱ ቆሞ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ከሷ አድራሻ ሌላ ደብዳቤ አለ ወይ ብዬ የኢሜይል ሳጥኔን ላይ ታች አገላበጥኩት። የለም። ከነሐሴ ወዲህ የደረሰኝ ይህ አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ አባባ ጃጅቷል ማለት ነው፤ በሐሳቡ የነገረኝን የነገረኝ መስሎታል ማለት ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ ያጋጥማል፣ ትኬት ሳይቆርጥ ቆርጫለሁ ይላል፣ አሁን ኩሽናው ውስጥ ተቀምጦ ዳቦውን ሾርባ ውስጥ እየነከረ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ቆየሁና የቤቱን ስልክ ደወልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ቁጥር ነው። የማላውቃት ሴት ድምፅ፣ የደወሉለት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም፣ ትላለች። እንደገና ደወልኩ። ያንኑ አለችኝ፣ በዚያው ትሕትና። ለወንድሜ ለሉድቪክ ደወልኩ፣ አያነሳም። ከዚያ ምን ይደረጋል? ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ። አባቱ የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው ጫማውን አውልቆ ይተኛል? እኔ ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ካሮት ስለቅም አድሬ እግሬ አልሸከም ብሎኝ ነው፣ ቢባልስ ማን ያምነኛል።

በእናቴም እንዲህ ሆኜ ነበር። አይ፣ እሷ የጠየቀችኝ በስልክ ነበር። ሁለት ክረምት ሆነው፤ ለገና ዋዜማ ትመጣለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አያለሁ አልኳት። አያለሁ ማለት በኛ ቤት አይ ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች እኔም አውቃለሁ። ጥር ላይ አረፈች፤ ስልኬ ዝግ ነበር፤ ጀልባዬም በቦዩ ሕግ በአሥራ አራት ቀን አንዴ ሥፍራ መቀየር አለበትና ተነስቼ ወደ ሸለቆው ወርጄ ነበር፣ እዚያ ደግሞ የስልክ መስመር አይገባም። ስደርስ ከተቀበረች ሁለት ቀን አልፏታል። አባቴ በር ላይ ቆሞ ኮቴን ተቀበለኝና፣ ርቦሃል? አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ምነው ያኔ በሰደበኝ።

ስልኩ ሲጮህ ከአልጋዬ ወደቅሁ ማለት ይቻላል። ሉድቪክ ነው።

«ደረሰ?» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ።

«ማን?»

ከበስተኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል።

«ዜኖን፣ አትቀልድብኝ።»

«አልቀለድኩም። የት ነው የሚወርደው? የት ነበር የምቀበለው?»

«እሱን የምታውቀው አንተ ነህ እንጂ። ጽፎልሃል እኮ። አምስት ጊዜ ነው የጻፈልህ።»

«የደረሰኝ አንድ ነው።»

«አራቱን ማን በላቸው ታዲያ? ፖስተኛ ነው እንዳትለኝ፣ ኢሜይል ነው።»

«አንተስ ለምን አልደወልክልኝም?»

«ደውያለሁ። አሥር ጊዜ ደውያለሁ። ያንተ ስልክ መቼ ክፍት ሆኖ ያውቃል?»

እውነቱን ነው። ቀን ስለምተኛ ነው የምዘጋው እላለሁ፤ ግን የቤት ቁጥር ሲመጣ እያየሁ የዘጋሁባቸው ቀኖችም አሉ። ይህን ሉድቪክ አያውቅም። ምናልባት ያውቃል። የቤቱ ስልክ ለምን ተቆረጠ ብዬ ስጠይቀው ድምፁ ተለወጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር አድርጎ ነገረኝ፦ «ቤቱ ተሸጧል። መስከረም ላይ። እኔ ግዳንስክ ገባሁ፣ አባባ ብቻውን እንጨት መፍለጥ አልቻለም። እሱንም ጽፎልሃል። ዜኖን እሺ ብሎኛል ብሎ ነው የሄደው። ኤልብሎንግ ላይ አውቶቡሱ ላይ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ፤ ለንደን ላይ ሌላ አውቶቡስ ይቀይራል። ከዚያ የሚወርድበትን ከተማ ስሙን አላስታውስም፣ እንግሊዝኛ ነው። ትኬቱን ያስቆረጠችው ወይዘሮ ክሌሜንቲና ናት። ስልኳን አላውቀውም፣ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ዓርብ ዝግ ነው።» «እሺ ብሎኛል ነው ያለህ?» አልኩት። «ከማን ልስማ ሌላ?» አለኝና፣ ፈልገህ አግኘው ዜኖን፣ ብሎ ዘጋው። ሉድቪክ ታናሼ ነው። አዝዞኝ አያውቅም ነበር።

አንድ ሳጥን፣ አምስት ደብዳቤ፣ የደረሰኝ አንድ። ሱሪዬን እየታጠቅሁ ነው፣ ወይስ ታጥቄ ጨርሻለሁ፣ አላስታውስም፤ የት የት እንደከፈትኩት መቁጠር ጀመርኩ። እዚህ ያለው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር አለ። ጀልባዬን ወደ ላይ ይዤ ስወጣ የዴቫይዝስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት አለ። የመጋዘኑ ምግብ ቤት ጥግ ላይ፣ ሁሉም ተራ የሚጠብቅበት ኮምፒውተር አለ። በአንዱ ስከፍተው በሌላው ተዘግቶ ይቀር ይሆን? የመጋዘኑን ስወጣ አልዘጋሁት ይሆን፣ አንዱ ገብቶ አጥፍቶብኝ ይሆን? ባለፈው ሳምንት የይለፍ ቃሌን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነበር፤ እሱ ይሆን? በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠይቆኝ አዎ የሚለውን ተጫንኩ፤ ምን ብዬ እንደተስማማሁ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ላፕቶፑ ትዝ አለኝ። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም? የቦዩ ጎረቤቴ ኤርሊስ የሸጠችልኝ አሮጌው ላፕቶፕ፤ እሷ ራሷ ደብዳቤ የሚቀበልበትን ነገር አስተካክላ፣ ይህችን ስትጫን ይመጣልሃል ብላ አሳይታኝ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከጠረጴዛው ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀና እንድትጠግነው ወሰደችው። እሷ ደግሞ አሥራ አራት ቀኗ ሲሞላ ጀልባዋን አስነስታ ወደ ምሥራቅ ሄደች። ላፕቶፔ ከሷ ጋር እየተጓዘ ነው።

ብስክሌቴን ከጣሪያው ላይ አውርጄ በቦዩ ዳር ነዳሁ። እንቅልፍ ያልተኛ ሰው ሲነዳ መንገዱ ነው የሚመጣበት እንጂ እሱ አይሄድም። ቀይ ጀልባ፣ አረንጓዴ ጀልባ፣ ጣሪያው ላይ ከሰል የጫነ፣ ጣሪያው ላይ ጎመን የተከለ፤ ስማቸውን እያነበብኩ አልፋለሁ፤ የኤርሊስ ጀልባ ስሙ «ሽመላ» ነው። አንዱን ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ገመድ ሲያስር ከኋላው አየሁትና አባባ ብዬ ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ቀና ሲል ቀይ ጢም ያለው ሰው ነው። ምን ነካኝ፤ አባቴ እንዴት አድርጎ እዚህ ይገኛል? ግን ለምን አይገኝም? የቦይ ሰው ነው፤ ውሃውን ካገኘ ዳር ዳሩን ይዞ መምጣት አያቅተውም። ከትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ጀምሮ የሆነ ቦታ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው። ብዙ ዕቃ አልያዝኩም ብሏል። የቤቱን ዕቃ ምን አደረገው?

ኤርሊስን ሰሚንግተን የሚባል መንደር አጠገብ፣ ጀልባ ከፍና ዝቅ ከሚያደርጉት ሁለት የውሃ በሮች በላይ አገኘኋት። የዌልስ ሴት ናት፣ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስትጠግን የኖረች፤ ጀልባዋ ውስጥ ከሽቦ የተረፈ መቀመጫ የለም።

«አንተ ልጅ፣ ቀለምህ አመድ መስሏል» አለችኝ። «ማሽንህ ድኗል፣ ምን አስሮጠህ? መስታወቱን ቀይሬልሃለሁ፤ ባትሪው ነው ያስቸገረኝ፣ በየሁለት ቀኑ እየከፈትኩ እፈትነዋለሁ።»

«ስትከፍቺው ደብዳቤ ይመጣል?»

«ሲከፈት ራሱ ያመጣል፣ እንደዚያ አድርጌው የለ? ያንተን ደብዳቤ አላነበብኩም ደግሞ፣ በፖልኛ ምን ልረዳ ብዬ።»

«ኤርሊስ፣ እዚህ ከመጣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አየዋለሁ ወይስ አላየውም?»

የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች። ፊቷን እያየሁ ነው፤ ሲገባት አየሁት።

«ወይኔ» አለች ቀስ ብላ። «ሳጥኑ አንድ ነው፣ ዜኖን። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ሳጥኑን ከፍቶ ያሳይሃል፣ መልሶ ይዘጋዋል፤ ደብዳቤው እዚያው ይቀመጣል። ይኼኛው ግን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ራሱ ያወጣዋል፣ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ሳጥኑ ውስጥ ቅጂ ተው የሚል ምልክት አለ፤ እሱን አላደረግኩበትም። አንድ ማሽን ብቻ ያለህ መስሎኝ። በየሁለት ቀኑ እየከፈትኩ ደብዳቤህን ስበላብህ ከረምኩ ማለት ነው።»

አምስተኛውን ያልበላችው ለምንድነው ብዬ ስጠይቃት ረቡዕና ሐሙስ ከሰል ለመጫን ስትጓዝ ማሽኑን እንዳልከፈተችው ነገረችኝ። ከሰል ባታመጣ ኖሮ ምንም አላውቅም ነበር። አባቴ እንደመጣ እንኳ አላውቅም ነበር። ማዘን ይሁን መሳቅ ያለብኝ አልገባኝም፤ ከፍቺልኝ አልኳት።

አሉ። አራቱም አሉ፣ ተሰልፈው፣ ማንም ሳይነካቸው። የመጀመሪያው ከነሐሴ መጨረሻ ነው። «ልጄ ዜኖን፤ ሉድቪክ ቤቱ ይሸጥ ይላል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ለኔ ሁለት ቦታ አለ። ከተማ ውስጥ የአረጋውያን ቤት አለ፣ ንጹሕ ነው ይላሉ። ወይም አንተ ጋ። ጀልባ ላይ መኖር አልጠላም። ከከበደህ አይ በለኝ፤ አልቀየምህም። ሦስት ቀን አስብበት።» ከሥሩ በሌላ አጻጻፍ፣ ወይዘሮ ክሌሜንቲና ከራሷ ጨምራለች፦ አቶ ዜኖን፣ አባትዎ እያዩኝ ስለሆነ ማጠር አለብኝ፣ ቶሎ ይመልሱላቸው። ሁለተኛው ስለ ድንች ነው፤ አሥራ አንድ ጆንያ አውጥቶ ለጎረቤት ሰጠ፤ ደብዳቤዬ ደርሶህ ይሆን ይላል፣ እንደዋዛ። ሦስተኛውን ሳነብ ዓይኔ መስመሩን እየሳተ ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። «በእናትህ ቀብር ጊዜ ምንም ስላላልኩህ ተቀይመህ ይሆን? ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ርቦሃል ወይ አልኩህ። እሱ ብቻ ነው የመጣልኝ።» ከሥሩ ወይዘሮ ክሌሜንቲና፦ አቶ ዜኖን፣ በየቀኑ እየመጡ መልስ መጣ ወይ ይሉኛል፤ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ፤ ሁለተኛ መዋሸት አልችልም።

አራተኛው ከዛሬ ሰባት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። «ትኬት ቆርጫለሁ። ብራድፎርድ ነኝ ብለኸኝ ነበር፤ ለንደን ላይ እቀይርና ብራድፎርድ ድረስ በአውቶቡስ እመጣለሁ። አውቶቡሱ የሚቆምበት ጣቢያ ውስጥ ጠብቀኝ። ካርታው ላይ ከተማው ትልቅ ነው፤ አንተ ትንሽ ነው ብለኸኝ ነበር። ቦታው ይህ ካልሆነ ንገረኝ።»

ቦታው ያ አይደለም። የኛ ብራድፎርድ ስሙ ረጅም ነው፣ ብራድፎርድ ኦን ኤቨን፤ ጅራቱን ቆርጠን የምንጠራው እኛ እዚህ ያለነው ነን። ሌላው ብራድፎርድ ሰሜን ነው፣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ንገረኝ ብሎ ጠይቆኛል። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ ጥያቄው በዚህች የሽቦ ክምር መሀል ባለች ማሽን ውስጥ ሆኖ ሰባት ቀን ጠበቀኝ። ለኤርሊስ ተረጎምኩላት፤ ስተረጉምላት የእንግሊዝኛ ቃል ይጠፋኛል፣ ፖልኛውን ነው የምነግራት፣ እሷ ግን ብራድፎርድ የሚለውን ሰምታ ጨርሳለች። «እዚያ ፖላንዶች ሞልተዋል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ» አለችና የራሷን ኮምፒውተር ከፍታ ፈለገች፤ የፖላንዶች ቤተ ክርስቲያን ስልክ አገኘች። ቁጥሩን እሷ ናት የደወለችው። ሲነሳ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ጌታ ይባረክ» አለ አንድ የወንድ ድምፅ በፖልኛ። አባ ሴቬሪን ነኝ አለኝ። ስሜን ስነግረው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «አቶ ዜኖን። እኛ ደግሞ እርስዎን በየት በኩል እንደምንፈልግ ጠፍቶን ነበር። ሽማግሌው የያዙት ወረቀት ላይ ያለው ስልክ ትናንት ሲደወል ዝግ ነበር።»

«አባቴ እዚያ ነው?»

«ወጥ ቤት ናቸው፣ ድንች ይልጣሉ። አይሆንም ብንላቸው አልሰማ አሉን። ትናንት እስከ ቀትር ጣቢያው ውስጥ ሲቀመጡ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ፓኪስታናዊ ነው፣ አይቷቸው ፖልስካ ሲሉ ሰምቶ እኛ ጋ አመጣቸው። ዋጋውን ጠየቅነው፣ አባቴን መሰሉኝ ብሎ ሄደ። ቆይ ልጥራቸው።»

ኮቴ ይሰማኛል፣ የድስት ድምፅ፣ የሴቶች ሳቅ። ምን ልለው ነው? ማሽኑ ነው ልበለው? ቅጂ ተው የሚለው ምልክት አልተደረገም ነበር ልበለው፣ ለሰማንያ አንድ ዓመት ሰው? እውነት ነው ደግሞ፣ ማሽኑ ነው። ግን እዚህ ቆሜ ሳስበው፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ በዕለቱ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮስ? አውቀዋለሁ እኮ ራሴን። አነበው ነበር፣ እዘጋው ነበር፣ ነገ እመልሳለሁ እል ነበር፣ ነገ ሌላ ሥራ ይመጣ ነበር፣ ስልኩን እዘጋ ነበር። ሦስቱ ቀን ያልፍ ነበር። ማሽኑ ያደረገው እኔ የማደርገውን ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ የኤርሊስ ሽቦዎች ላይ ተቀመጥኩ።

«ሃሎ» አለ አባቴ። ስልክ ሲያነሳ ይጮሃል፣ ሁልጊዜ፣ ርቀቱን በጉሮሮው ሊሸፍን።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«ተሳስቼ ወረድኩ አይደል?»

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ደብዳቤዎችህን ያነበብኳቸው ዛሬ ነው። አሁን ነው፣ አባባ። አምስቱንም።»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሲያዛውር ተሰማኝ።

«እንግዲያው አልተቀየምክም» አለ።

«አልተቀየምኩም።»

«እኔ የተቀየምክ መስሎኝ ነው የመጣሁት። ተቀይመህ ከሆነ ፊት ለፊት ልስማው ብዬ። አሁን መልሱን ንገረኛ።»

«ጀልባው ጠባብ ነው።»

«ምን ያህል ይጠባል?»

«ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም።»

«አንዱ ይቀመጣላ።»

«በየአሥራ አራት ቀኑ መንቀሳቀስ አለብን። ክረምት ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ቀን ቀን እተኛለሁ፣ ማታ ማታ የለሁም።»

«ዜኖን፣ ስለ ጀልባ አይደለም የጠየቅኩህ።»

ኤርሊስ ወደ ውጭ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። «አያለሁ» ልለው ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር፣ በራሱ ሊወጣ ነበር።

«ና» አልኩት። «አብረን እንኑር። ነገ በመጀመሪያው ባቡር እመጣና እወስድሃለሁ። አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ ግን። የመጀመሪያው ደብዳቤ በጊዜው ደርሶኝ ቢሆን እንኳ፣ እንጃ፣ አልመልስልህም ነበር ይሆናል።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ለዚህ አይደል አምስት ጊዜ የጻፍኩት።»

ከዚያ አንዲት ሴት ከበስተኋላው ጠራችው፤ ቆይ መጣሁ አላት፣ ድንቹ ሊጠቁር ነው አለኝና ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ሄደ። አልዘጋሁትም። ቢላዋው ሳህን ሲነካ፣ ሴቶቹ ሲያወሩ፣ እሱ አጠር አጠር አድርጎ ሲመልስላቸው ይሰማኛል፤ ስንት ልጆች አሉዎት ይሉታል፣ ሁለት ይላል፣ ትልቁ ነገ ይመጣል ይላል። ነገ ቅዳሜ ነው። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩት፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። አዎ፣ ነገ ቅዳሜ ነው።